ግማሽ አበባ

ምንጣፍ ተሰርቋል ተብዬ ስጠራ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደሜ ፈላ። ስንቱን ነፍሰ ገዳይ ከተደበቀበት ጎትቼ ያወጣሁ ሰውዬ፣ ጡረታዬ ደጅ ላይ ቆሞ ሳለ የወለል ልብስ ፈልግ ልባል? አለቃዬ ፊቴን አይቶ፣ «መጀመሪያ ሄደህ እየው፤ ከዚያ ታኮርፋለህ» አለኝ። ኩርፊያዬን ይዤ ሄድኩ።

ሥራ ቤቱ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ የሱፍ ልቃቂቶች በየቀለማቸው ተሰቅለዋል። መሀል ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ መሸመኛ ቆሟል፤ ሁለት ቋሚ እንጨት፣ ከላይ አንድ ግንድ፣ ከታች አንድ ግንድ። ድሩ በሁለቱ ግንዶች መካከል ይወጠራል። ሠራተኞቹ ከታች ጀምረው ቋጠሮ በቋጠሮ ወደ ላይ እየሠሩ፣ ያለቀውን ክፍል ታችኛው ግንድ ላይ ይጠቀልሉታል። አሁን ግን በመካከላቸው አየር ብቻ ነበር። የመሸፈኛው አንሶላ መሬት ላይ ወድቋል። ከላይኛው ግንድ ላይ አጫጭር ነጭ የክር ጫፎች ተንጠልጥለዋል።

ፊት ለፊቱ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ አንዲት አሮጊት ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው ተቀምጠዋል። ሠራተኛው ሁሉ «ዋናዋ» ይላቸዋል። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል።

«ማን ነህ?» አሉኝ ሳይዞሩ።

«ኢንስፔክተር ነኝ፣ እማማ።»

«ጫማህ ይጮሃል። በዚህ ጫማ ምንጣፌ ላይ ባትቆም ደስ ይለኛል።»

«ምንጣፉ እኮ የለም፣ እማማ።»

«ሲገኝ ማለቴ ነው» አሉ።

ይህቺ መልስ ኩርፊያዬን ግማሽ ያህሉን ወሰደችው። ጎናቸው ተቀመጥኩና ነገሩን ተረዳሁ። ምንጣፉ የተሠራው ለከተማው አዲስ አዳራሽ ነው። እሁድ ዕለት አዳራሹ ሲከፈት የአዳራሹ ኮሚቴ ፊት ሊዘረጋ ነበር። ከተወደደ ሥራ ቤቱ ይቀጥላል፤ ካልተወደደ፣ ወይም ካልተገኘ፣ ቤቱ የማዘጋጃ ቤቱ ስለሆነ ለፋብሪካ ምንጣፍ ነጋዴ መጋዘንነት ይሰጣል። ሽመናው ትናንት ጠዋት አልቆ በአንሶላ ተሸፍኗል። የቀረው መቀስ ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዋናዋን ጎረቤታቸው ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰዳቸው። ሲመለሱ ደክሟቸው ቀጥታ ከጓሮ ወዳለችው ክፍላቸው ገቡ። ዛሬ ጠዋት እጃቸውን ከአንሶላው ሥር ሲያስገቡ ባዶ ሆነባቸው።

«በእጄ ነው የማየው» አሉኝ። «ይኸውልህ፣» ብለው የኮቴን እጅጌ ያዙና ቁልፎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ። «ይቺን የተከለችልህ ሚስትህ ናት። ተቆጥታ ነው የተከለችው፤ ክሩን አንቃዋለች።»

እውነታቸውን ነው። ያን ቀን የተጣላነው በእናቷ ጉዳይ ነበር።

«ማን ምን እንደቋጠረ በጣቴ እለያለሁ። ያቺ ጥግ ላይ የተቀመጠችው ምራቴ ናት። የመጀመሪያዋን ባልደረባዬን ልጆቿ ወደ ሌላ ከተማ ሲወስዷት፣ ምንጣፉ ወገቡ ላይ ሲደርስ የገባችው እሷ ናት። ጎበዝ ናት፤ ግን ትፈራለች፤ ስለምትፈራ ታጠብቃለች። በእንቅልፍ ልቤ ብዳስሰው እንኳ እጇን ከእጄ እለየዋለሁ።»

ምራቷ ሱፍ ጉልበቷ ላይ ይዛ ዓይኗ ቀልቶ ተቀምጣለች። ከሰዓት የት እንደነበረች ስጠይቃት፣ የሚታጠብ ሱፍ በጋሪ ጭና በጊዜ ወደ ቤቷ እንደሄደች በደከመ ድምፅ ነገረችኝ። አንጀቴን በላችው። የገዛ ልፋቷን ማን ይሰርቃል ብዬ ወደ ሌላው ዞርኩ።

በሩ አልተሰበረም። እኛ የተቀመጥንበት አግዳሚ ወንበር ከቦታው ተነስቶ ከላይኛው ግንድ ሥር ተጠግቷል፤ ሌባው ወጥቶበታል ማለት ነው። ነገር ግን ወንበሩ ላይ አንድም የጫማ ምልክት የለም። ጫማውን ያወለቀ ሌባ ከዚህ በፊት አጋጥሞኝ አያውቅም። ሁለተኛው ነገር ክሩ ነው። የምንጣፉ ጫፍ የሰው ደረት ጋ ነበር፤ ቸኩሎ የሚቆርጥ ሰው እዚያው ይቆርጣል። ይሄኛው ግን ተንጠራርቶ፣ እላይ ግንዱ ሥር፣ አንድ በአንድ ቆርጦታል። ለምን? አላወቅሁም። ያላወቅሁትን ነገር እንደ ጠጠር በኪሴ ይዤ መዞር ልማዴ ነው።

*

ዘበኛው ከበሩ ነቅነቅ እንዳላለ በልጆቹ ማለልኝ።

«የወጣ ሰው?»

«ከሠራተኞቹ በቀር ማንም።»

«የወጣ ዕቃስ?»

«ከሱፍ ጋሪው በቀር ምንም። እሱም የዘወትር ነው። የገባም የለም… አይ፣ ቆይ። ሮል መጥቶ ነበር። ጥቅል ምንጣፍ የጫነ መኪናውን እዚህ ደጃፍ አቁሞ ግቢውን ሲለካ ነበር።»

«ሲለካ?»

«በሜትር ነዋ! ገና ሳንሞት ይለካናል።»

ሮል የፋብሪካ ምንጣፉን በጥቅል የሚሸጠው ነጋዴ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከዚያ ነው። ጆሮዬ ቆመ። ከእሱ በፊት ግን ዘበኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ሰው ጨመረልኝ። «ቀለም ነካሪውንም ጠይቀው። ባለፈው ሳምንት ዋናዋ የነከረውን ሱፍ መልሰውበት፣ ‹ምንጣፍሽን እንዴት እንደምትጨርሺው አያለሁ!› ብሎ ሲጮህ ሰፈሩ ሰምቷል።»

*

ቀለም ነካሪው ከግቢው ጀርባ በርሜሎቹ መሀል ነበር። ሁለት እጁ እስከ ክንዱ ድረስ ድፍን ሰማያዊ ነው። እጁን ለሰላምታ ሲዘረጋልኝ በአክብሮት ሰገድኩለት።

«ዝተሃል አሉ።»

«ዝቻለሁ!» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ነክሬ ያመጣሁትን ቀይ ‹ትንሽ ፈዟል› አለቻ! እኔን! ሥሩን ቆፍሬ፣ ፈጭቼ፣ ሌሊቱን ዘፍዝፌ ያወጣሁትን ቀይ! ከዚያ ተመልሼ ሳየው…» ድምፁ ወረደ። «ፈዝዞ ነበር። ሳታየው አወቀችብኝ። እንደገና ነከርኩት። አሁን ያ ቀይ ምንጣፉ መሀል ላይ አለ፤ መቶ ዓመት ቢረገጥ አይለቅም። እኔ ልስረቀው? የሚረገጥበት ቦታ እንዲደርስ ከኔ በላይ የሚፈልግ አለ?»

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ሰማያዊው በርሜል መብላላት ከጀመረ ጥለኸው አትሄድም፤ ይበላሻል።»

ምስክር አልነበረውም። ግን አያስፈልገውም ነበር። ተመልሼ የተቆረጡትን ክሮች በመስኮቱ ብርሃን አየኋቸው፤ ሁሉም ወተት የመሰሉ ነጭ። በዚያ እጅ የተነካ ነጭ ክር ነጭ ሆኖ አይቀርም። ነፃ መሆኑን ስነግረው አላመሰገነኝም። ይልቅ ሌላ ክስ ይዞ መጣ።

«ምንጣፉን የወሰደው ሰው ሁለት ልቃቂትም ወስዶብኛል። አንድ ቀይ፣ አንድ ድፍን ሰማያዊ። ከዚያው ከምንጣፉ ንክር የተረፉ ነበሩ።»

«ሌላ ሱፍ አልጎደለም?»

«ሌላ አልጎደለም።»

ሁለተኛዋን ጠጠር ኪሴ ከተትኩ።

*

ሮል ሱቁ በር ላይ፣ ተደራርበው በቆሙ ጥቅልሎች መሀል ተቀብሎኝ ወንበር ሳበልኝ። አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው ነው።

«ለክቻለሁ፤ አልክድም። ከእሁድ በኋላ መጋዘኔ ነው። ቀድሞ መለካት ወንጀል ነው እንዴ?»

«አይደለም። መኪናዎ ውስጥ ግን ጥቅል ምንጣፍ ታይቷል።»

«ኢንስፔክተር፣» አለ እየሳቀ፣ «ምንጣፍ ነጋዴ መኪና ውስጥ ምን እንዲታይ ፈልገው ነበር? ሽንኩርት?»

ጥቅሉን አስፈታሁት። ግራጫ፣ ከጫፍ ጫፍ አንድ ዓይነት፣ የሆቴል ኮሪደር ምንጣፍ። ከሥራ ቤቱ ቀጥታ ሆቴሉ ሄዶ እስኪመሽ ሲያነጥፍ እንደነበረ ሥራ አስኪያጁ በስልክ አረጋገጠልኝ። ሮል ሁለት እጁን ዘረጋ።

«እኔ ለምን እሰርቃለሁ? ዝም ብዬ ብጠብቅ ይበቃኛል። የኮሚቴው ሰዎች ራሳቸው ‹አሮጊቷ አይታያትም፤ ምን ጉድ ሠርታ ይሆን› እያሉ ነው። የኔ ማሽን አይሳሳትም። የሷ ምንጣፍ ላይ አንዲት ጠማማ አበባ ከተገኘች አለቀላት። እንዲዘረጋ እንጂ እንዲጠፋ አልፈልግም።»

ሰውዬው አስጠላኝ፤ የተናገረው ግን ውሸት አልነበረም። መንገድ ላይ ስወጣ ተጠርጣሪ አልቆብኝ ነበር። ምንጣፉ ያለ ስህተት እንዲዘረጋ አጥብቆ የሚፈልገው ማን ነው የሚለውን ግን ያኔ ራሴን አልጠየቅኩም።

*

ቤቴ ስገባ ባለቤቴን «ተቆጥተሽ የተከልሽው ቁልፍ ይኸው ተያዘ» አልኳት። ሳቀች፤ ኮቴን ተቀብላ ቁልፉን ቆረጠችና እንደገና ልትተክለው ተቀመጠች። ስትጨርስ መቀሱን ጨርቁ ጋ አላስጠጋችውም፤ ክሩን ረዘም አድርጋ ቆረጠችው።

«ምነው አባከንሽው?»

«አሳጥሬ ከቆረጥኩት በምን ልቋጥረው? እንዲፈታ ነው እንዴ የሰፋሁት?»

እጄ ሻይ ላይ እንዳለ ቀረ። ላይኛው ግንድ ሥር ተንጠራርቶ የቆረጠው ሰው ምንጣፉ ላይ ረጅም ዘርፍ እንዲተርፍ ፈልጓል፤ ጫፉ ተቋጥሮ እንዳይፈታ። ሊሸጠው ያሰበ ሌባም ይጠነቀቅ ይሆናል። ሁለት ልቃቂት ሱፍ ግን ምን ይሠራለታል? ሱፍ የሚያስፈልገው ለሚጠግን ነው። አግዳሚው ላይ ጫማውን የሚያወልቀው ደግሞ በየቀኑ የሚቀመጥበት ሰው ነው። ከግቢው የወጣው ዕቃ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የሱፍ ጋሪው፤ የዘወትር ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም።

«ምን ሆንክ?» አለች ባለቤቴ።

«ምንም። ቁልፉን አላልተሽ ስለተከልሽልኝ እግዜር ይስጥሽ» አልኳት።

*

ምራቷ የምትኖረው ከሥራ ቤቱ ሁለት መንደር አልፎ ነው። ባሏ፣ የዋናዋ ልጅ፣ ሾፌር ነው፤ መንገድ ላይ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግቢዋ ስገባ ጋሪው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የልብስ ማስጫው ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ባዶ ነው።

«ያጠብሽው ሱፍ የት ተሰጣ?» አልኳት።

ገመዱን አየች። ውሸት ለመፍጠር አፏን ከፈተች፤ አልሆነላትም።

«ይግቡ» አለችኝ።

ምንጣፉ አልጋው ላይ ተዘርግቶ ነበር። የወለል ልብስ ያልኩት እኔ ነኝ? መሀሉ የበሰለ ቀይ ነው። ዙሪያውን ድፍን ሰማያዊ ጥለት ከብቦታል፤ በጥለቱ ውስጥ አንድ ሐረግ ከአበባ ወደ አበባ እየተሳበ ይሄዳል። በዚህ በኩል ቆሜ ሳየው ጠቆረ፤ ዞሬ በዚያ በኩል ሳየው በራ። እዚህች ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራ ሰው አለ ብዬ፣ ምንም አስተዋጽኦ ሳይኖረኝ፣ ኮራሁ።

«ይቺን ጥግ ይዩ» አለች ምራቷ።

ሐረጉ ሦስቱ ጥግ ላይ ሲደርስ በአበባ ታጥፎ ይዞራል። አራተኛው፣ ታች በግራ ያለው፣ አይዞርም። አበባው ግማሹ ላይ ይቋረጣል፤ የጎኑ ሐረግ ሳያየው ወደ ላይ ይወጣል። ከግማሽ አበባዋ ላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ ተፈትቶ ነጩ ድር ወጥቷል። መርፌው እዚያው ተሰክቷል።

«ባለፈው ወር ድሩ ላልቶ ጥቅልሉን እስከ ሥሩ ስንፈታው ይቺን ጥግ አየኋት። ያን ክፍል እሳቸው የሠሩት እኔ ሳልገባ ነው። ዓይናቸው ያኔ መጥፋት ጀምሮ ነበር።» እንባዋ መጣ። «ኮሚቴው ፊት ሲዘረጋ ያቺን ጥግ አይተው ሲሳሳቁ ያስቡት። ዕድሜ ልካቸውን የኮሩበትን እጅ! እስከ እሁድ አስተካክዬ፣ ደጃፍ ተጥሎ አገኘሁት ልል ነበር።»

«ምነው አትጠይቂያቸውም ነበር?»

«እኛ ዘንድ ምንጣፍ ተቆርጦ ሳይዘረጋ ስለተጠቀለለው ክፍል አይወራም። ነውር ነው። ደሞስ ምን ብዬ ልጠይቅ? ‹እማዬ፣ አይታይዎትም› ብዬ?»

እጅ ከፍንጅ የያዝኳት ወንጀለኛ ፊቴ ታለቅሳለች። ምንጣፉን ጠቀለልኩ።

«ተነሺ» አልኳት። «ትከሻዬ ገና ደህና ነው።»

*

ሥራ ቤቱ ወለል ላይ ስንዘረጋው ዋናዋ ተንበረከኩ። ጣታቸው ጠርዙን ይዞ ተጓዘ፤ እንደ ወዳጅ ፊት ዳሰሱት። ታችኛው ግራ ጥግ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ማን ፈታው?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ» አለች ምራቷ።

«ስህተት መስሎሽ?»

ቀለም ነካሪው ከጓሮ መጥቶ በር ላይ ቆመ።

«እናቴ ወረቀት አይታ አታውቅም» አሉ ዋናዋ ቀስ ብለው። «የሷ ሰዎች በቃል ነበር የሚሠሩት፤ አንዷ ቀለሙን ትጠራለች፣ ሌላዋ ትቋጥራለች። ሐረጉ ጥግ ላይ ሲደርስ ቦታ ካለቀ አበባው ግማሹ ላይ ይቆማል፤ የጎኑ በራሱ መንገድ ይወጣል። በኋላ በካሬ የተሰመረ ወረቀት መጣ። ጥጉ አስቀድሞ ተሰላ፤ አበባው መታጠፍ ቻለ። ሰውም የድሮውን ጥግ ‹ያለማወቅ› አለው። አለማወቅ አይደለም! ምንም ሳያዩ ያን ሁሉ በጭንቅላታቸው የያዙ ሴቶች ናቸው።» ራሳቸውን ቀና አደረጉ። «ሦስቱን ጥግ በወረቀት ሠራሁ፤ መታጠፍ እንደማውቅ እንዲያዩ። አንዷን ለእናቴ ሰጠኋት። ዓይኔ ነው የጠፋው እንጂ እጄ አልጠፋም።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ሳይዘረጋ ይወራል እንዴ?»

ሁለቱ ተያዩ፤ ማለቴ አንዷ አየች፣ ሌላዋ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። ከዚያ አሮጊቷ መሳቅ ጀመሩ። በሳቃቸው መሀል ምራቷ እግራቸው ላይ ተደፋች።

«ተነሺ፣ ተነሺ። የፈታሽውን ትመልሽዋለሽ።»

«አላውቀውም እኮ። ወረቀቱ ላይ የለም።»

«እኔ እጠራለሁ፤ አንቺ ትቋጥሪያለሽ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ኢንስፔክተር፣ ሌባውን ይዘሃል?»

«ምንጣፉን አግኝቻለሁ፣ እማማ። ሌባ የሚባል ግን አላገኘሁም።»

ሥራዬ አልቆ ነበር፤ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም። ዋናዋ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ዜማ ባላት ድምፅ ይጠሩ ጀመር። «ሁለት ቀይ። ሰማያዊ። ቀይ ድገሚ። ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ እዚያ ቁሚ።» ምራቷ በመርፌ እየሳበች ትቋጥራለች። መጀመሪያ ላይ አሮጊቷ ጣታቸውን ሰደድ እያደረጉ፣ «ጠበቀ። ልቀቂው፤ ማን ይገርፍሻል?» ይሉ ነበር። ቆይተው ማለቱን ተዉት። ቀለም ነካሪው ሰማያዊ እጁን ከኋላው አጣምሮ፣ ላለመጠጋት እየታገለ፣ ቀዩ ሲጨመር ብቻ «ያ የኔ ነው» ይላል። አበባዋ ግማሽዋ እስክትሞላ ማናችንም ምሳ አላስታወስንም።

*

እሁድ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ምንጣፉ መድረኩ ፊት ሲዘረጋ ሰው ለማየት አንገቱን አሰገገ። ሮል ከፊት ቆሞ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ጠርዝ ጠርዙን ሲያይ ምን እንደሚፈልግ አውቄያለሁ። አገኘውና ለኮሚቴው ሰብሳቢ በጣቱ አመለከተው።

ሰብሳቢው መነጽሩን አስተካከለ። «ይቺ አበባ ምነው ግማሽ ሆነች?»

ምራቷ ወደፊት ወጣች፤ ያቺ የምትፈራዋ ልጅ።

«የእማዬ እናት አበባ ናት» አለች፣ እስከ ኋላ ወንበር በሚሰማ ድምፅ። «ወረቀት ሳይኖር በቃላቸው ሲሠሩ እንዲህ ነበር የሚሠሩት። ሦስቱ ጥግ የኛ ጊዜ ነው፣ አንዱ የነሱ። እኔም ተምሬዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ አይጠፋም።»

ሰብሳቢው ተጠግቶ ጥጉን አየ። ከዚያ ሮልን፣ «እስቲ ከምንጣፉ ላይ ውረድልን» አለው። ሳቁ ሲበርድ ጭብጨባው ቀጠለ። የሥራ ቤቱ ቁልፍ ባለበት እንደሚቆይ እዚያው ተነገረ። እኔ ጫማዬን አውልቄ ዳር ላይ በካልሲ ቆሜ ነበር፤ ዋናዋ በመጀመሪያው ቀን ያሉኝን አልረሳሁም።

ሰው ሲበተን ዋናዋ ጥጉ ጋ ተንበረከኩ። ጣታቸው ግማሽ አበባዋ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ግንባራቸው ተኮሳተረ። ምራቷ ፈርታ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«ምን ሆነ፣ እማዬ? ጠበቀ?»

«ቆዪ» አሉ። ደግመው ዳሰሱ። ከዚያ እጃቸው ቆመ፤ ሞራ የጋረደው ዓይናቸው እንባ ሲሞላ አየሁት።

«የቱ የኔ እንደሆነ፣ የቱ ያንቺ እንደሆነ መለየት አቃተኝ» አሉ።